ለሁለት ክረምት የተያዘ መኪና

ሻጩ ጥያቄውን የጠየቀው በክፋት አልነበረም። ሥራው ነው።

«ይኼ የኋላ መወጣጫ እስከ መቼ ነው የሚያስፈልጋችሁ?» አለ።

እማማ ቺትስከ ያን ጊዜ ከነዊልቸራቸው መኪናው ውስጥ ነበሩ። ልጃቸው ሂልከ በመወጣጫው ገፍቶ አስገብቷቸው፣ የዊልቸሩን ጎማዎች ከወለሉ ጋር በቀበቶ አስሮ፣ «ተመቸሽ እማዬ?» ብሎ ወርዷል። ከፍ ብለው ስለተቀመጡ ሦስቱንም ቁልቁል ያዩአቸዋል፤ ሻጩን፣ ሂልከን፣ የሂልከን ሚስት ማሪትን። ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ሦስቱም ቀና ብለው እሳቸውን አዩ።

እማማ ቺትስከ ያንን አስተያየት ከማንም በላይ ያውቁታል። ከባላቸው ከዳውወ ጋር አርባ ዓመት ላም አርብተዋል። በየዓመቱ ብርዱ ሊገባ ሲል ዳውወ የበረቱ በር ላይ ቆሞ «ይቺስ?» ይላል፤ እሳቸው የላሟን ወገብ፣ ጡት፣ ሰኮና አይተው፣ «አንድ ክረምት ትችላለች» ወይም «አትችልም» ብለው ይፈርዳሉ። ለማትችል ላም ድርቆሽ አይባክንም። «አትችልም» የተባለችውን ሐሙስ ጠዋት መኪና መጥቶ ይጭናታል። ሂልከ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከጎናቸው ቆሞ ይህን እያየ ነው ያደገው።

«ምን ለውጥ ያመጣል?» አለች ማሪት።

«ከአራት ዓመት በላይ ከሆነ መግዛቱ ያዋጣችኋል። ከዚያ ካነሰ በሊዝ ብትይዙት ይሻላል። በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ውሉ ሲያልቅ ቁልፉን ሰጥታችሁ መሄድ ነው። ከገዛችሁት ግን፣ መወጣጫ ያለው መኪና በኋላ ማን ይገዛችኋል?»

«በኋላ?» አሉ እማማ ቺትስከ ከላይ።

የሻጩ ጆሮ ቀላ። «ማለቴ...»

«ገብቶኛል ልጄ። ጥርሴንም ልታየው ትፈልጋለህ?»

ሂልከ ሳቀ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ለእማማ ቺትስከ ነገሩ የመኪና ጉዳይ አልነበረም፤ የእሑድ ጉዳይ ነበር። ሌላውን ቀን በአረጋውያን መኖሪያው መስኮት የብስክሌት ማቆሚያ እያዩ ይገፉታል። እሑድ ግን ሂልከ መጥቶ ወደ ባሕሩ ግድብ ይወስዳቸዋል። ነፋሱ ፊታቸውን ይመታቸዋል፣ ግድቡ ላይ የሚግጡትን በጎች ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ልጃቸው ቤት ገብተው የአተር ሾርባ እየበሉ «ቀጥኗል» «አልቀጠነም» ከማሪት ጋር ይጨቃጨቃሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በብረት ከተያዘ ወዲህ ተራ መኪና ውስጥ ታጥፈው እንዳይገቡ ሐኪሙ ከልክሏቸዋል። እንዲህ ሆነው ሰባት እሑድ አልፏል። ወደ መኪና መሸጫው የመጡት እንኳን ከአንድ ቀን በፊት ታዞ፣ ያውም እሑድ በማይሠራ የዊልቸር ታክሲ ነው። መወጣጫ ያለው መኪና ከሌለ እሑድ የለም።

በሳምንቱ ሂልከ፣ ማሪትና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ኒንከ ወደ ክፍላቸው መጡ። እንግዶቹ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ እማማ ቺትስከ ሲያስቡበት የሰነበቱትን ተናገሩ።

«ግዙት። ላሞቹን ስንሸጥ የተረፈ ገንዘብ አለኝ። እኔ እከፍላለሁ።»

«እማማ፣ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም» አለች ማሪት።

«ታዲያ የምን ጉዳይ ነው?»

ሂልከ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማሪት ጓንቷን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። መልሱን የሰጠችው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአያቷን ብስኩት የምትበላው ኒንከ ነበረች።

«አባዬ ሐኪሙ ጋ ደውሎ ነበር። ልብሽ ሁለት ክረምት ከቻለ ትልቅ ነገር ነው ብሎታል።»

«ኒንከ!»

«ምን አጠፋሁ? አንተ አይደለህ ለእማዬ የነገርካት?»

ኒንከ ብስኩቷን መብላት ቀጠለች። እማማ ቺትስከ የብርድ ልብሳቸውን ጠርዝ ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ስለዚህ በሊዝ ይዛችሁታል። ለስንት ጊዜ?»

«ለሃያ አራት ወር» አለ ሂልከ።

«አንዲት ወር እንኳን ለመጠባበቂያ አልጨመርክም?»

«የሚሰጡት በዓመት በዓመት ነው፣ እማዬ።»

«ጎበዝ። ያስተማርኩህን አልረሳህም።»

ማሪት ተነሥታ የአበባ ማስቀመጫውን ውኃ ቀየረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ቺትስከ ሥራ ያዙ። ሥራቸው መኖር ነበር። ሲጠሉት የኖሩትን የተቀቀለ ዓሣ በሉ። ቅቤ ተዉ። ኪኒናቸውን ደቂቃ ሳያዛንፉ ዋጡ። ነርሷ «ምን ነካዎት፣ ወጣት ሊሆኑ ነው?» ስትላቸው፣ «ቀጠሮ አለብኝ» ይሏታል። እሑድ እሑድ ሂልከ እየመጣ በመወጣጫው ያስገባቸዋል። ጎማቸው በሩን በነካ ቁጥር ማሪት በጣቷ ጭረቱን ትዳስሳለች፤ የሰው መኪና ነውና።

አንድ ክረምት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ቀን ዘመድ ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ የገባው ሁሉ እሳቸውን ከጨበጠ በኋላ ዞሮ ሂልከን እየጨበጠ «እንኳን ደስ አለህ፣ እናትህ ሰማንያ ሦስት ሞላቸው» አለው። «አመሰግናለሁ» እያለ ጨበጠ። እማማ ቺትስከ ዓይናቸውን ከልጃቸው ፊት ሳይነቅሉ ኬካቸውን ጨረሱ።

መጋቢት ላይ ሂልከ ብቻውን መጣ።

«እማዬ፣ የመኪናው ውል አለቀ።»

«የእኔ አላለቀም።»

«አየሁ» አለ፤ ከዚያ በተናገረው ደነገጠ። «ማለቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሌላ ፈርመናል። የፈረምነው ባለፈው መስከረም ነው፣ ያኔ... ያኔ አሞሽ ነበር፣ ታስታውሻለሽ። ትንሽ ቀይ መኪና ናት። ለበጋው ተራራ አገር ልንሄድ ነው፣ ውሻውም አለ።»

«መወጣጫ አላት?»

«የላትም። ግን የዚህ ቤት አውቶቡስ በወር አንድ ጊዜ ያወጣችኋል።»

«ወዴት?»

«አበባ ወደሚሸጥበት።»

እማማ ቺትስከ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ስታስረክቡት ለመጨረሻ ጊዜ ልሳፈርበት። እስከ መሸጫው ድረስ ውሰዱኝ።»

ሂልከ ሸክሙ የቀለለለት ይመስል ግንባራቸውን ሳማቸው። «ይሄማ ምን ችግር አለው!»

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ሮብ ማሪት ደውላ፣ ብርድ ስለሆነ ወፍራሙን ካፖርት እንዲለብሱ ነገረቻቸው። ሐሙስ ኒንከ ደውላ ስለ ቀዩ መኪና ቀለም አወራቻቸው። ዓርብ ሂልከ ደውሎ አራት ሰዓት ላይ ዝግጁ እንዲሆኑ አሳሰባቸው። እማማ ቺትስከ ስልኩን ባነሡ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቁ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጠይቃቸው ሁሉን ሊተዉ፣ ከልባቸው ይቅር ሊሉ ቆርጠዋል። ማንም አልጠየቃቸውም።

ቅዳሜ መሸጫው ግቢ ውስጥ መኪናውን የሚመረምረው ሰውዬ የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ይዞ ዞረ። ከካርዱ ያነሰ ጭረት ምሕረት አለው፣ የበለጠ ይከፈልበታል። የኋላው በር ጋ ሲደርስ አጎነበሰ።

«ይኼስ ምንድነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ቺትስከ፣ ከጎኑ በዊልቸራቸው ላይ ሆነው።

ሰውዬው ጻፈ። ሂልከ ፈረመ። ቁልፉን አስረከበ። ቀይዋ መኪና ታጥባ፣ ዝቅ ብላ፣ እያብረቀረቀች መጣች። ኒንከ ዘልላ ኋላ ገባች፣ ውሻው ተከተላት። ማሪት መስታወቱን አስተካከለች። ሂልከ የፊተኛውን በር ከፍቶ፣ «በይ እማዬ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። የእናቱን ዳሌ አየ። ከባዱን ዊልቸር አየ። ከአንድ ሻንጣ በላይ የማይዘውን የመኪናዋን ኋላ አየ።

«እማዬ» አለ።

«አቤት» አሉ።

ታክሲው ጋ ተደወለ። ከአንድ ቀን በፊት ነው የሚታዘዘው፣ ለሰኞ እንመዝግብላችሁ? አሉ። ሂልከ ወደ ሻጩ ሮጠ፣ መኪናውን ለአንዲት ሰዓት ብቻ ብሎ ለመነ። ሻጩ ውሉ ተዘግቷል፣ ኢንሹራንሱም ቆሟል፣ አዝናለሁ አለ። ደግሞም ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጉት።

ማሪት ፊቷ ነጭ ሆነ። «ያውቁ ነበር! ሆን ብለው ነው ያደረጉት!»

«ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«በምን እንደምመለስ ማንኛችሁ ታስታውሱ ይሆን ብዬ።»

ማሪት መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ደርግማ ዘጋች።

ሻጩ የግቢውን በር ሊቆልፍ መጣ። ዊልቸሩን አይቶ፣ «እኚህ እናት ከማን ጋር ናቸው?» አለ።

ከዚያ እስከ አረጋውያን መኖሪያው ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ሂልከ በቦዩ ዳር ባለው የብስክሌት መንገድ እየገፋ ወሰዳቸው። ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ ፊት ለፊት። ሂልከ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሆድ አውጥቷል፣ ያደረገው የቢሮ ጫማ ነው። ከሁለተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ትንፋሹ እንደ አሮጌ ወናፍ ይሰማ ጀመር። እማማ ቺትስከ ከኪሳቸው የሚንት ከረሜላ አውጥተው ጎረሱ።

ቀይዋ መኪና በዋናው መንገድ አለፈች። ኒንከ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። እማማ ቺትስከ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አላወጡም።

«ልብህን ታይተሃል?» አሉ።

«ተይኝ እማዬ።»

«እንዲያው ነው። ስትተነፍስ ሰምቼ ነው።»

ጥቂት ገፋ። ቆመ። እንደገና ገፋ።

«አባትህ ቢኖር» አሉ እማማ ቺትስከ፣ «አንተን አይቶ ‹ይኼስ?› ይለኝ ነበር።»

ሂልከ ከኋላቸው፣ በልጅነቱ በረት ውስጥ ይጠይቅ በነበረበት ድምፅ፣ «ምን ትይው ነበር?» አለ።

እማማ ቺትስከ እንደ ሥራቸው አሰቡበት። አልቸኮሉም።

«አይችልም እለው ነበር» አሉ።

ዊልቸሩ ቆመ። ከኋላቸው አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ነፋስም ሊሆን ይችላል፣ የልጃቸው ለቅሶም ሊሆን ይችላል። እማማ ቺትስከ አልዞሩም። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ላም ሊጭን ሲመጣም ዞረው አይተው አያውቁም፤ ወጥ ቤት ገብተው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ዕቃ ያጥቡ ነበር።

ኪሳቸውን ዳሰሱ። አንዲት ከረሜላ ቀርታለች። አውጥተው ጎረሷት።