ጉራቻና ቦራ በአንድ ቀንበር

እታገኝ አምቦ ከተማ ጎጆ ስትወጣ ባዶ ግድግዳ አስጠላት። ጎረቤቱ ሁሉ የጃንሆይን ፎቶግራፍ ሲሰቅል እሷን ያማራት የአባቷ እርሻ ነበር። ቅዱሳንን የሚስሉትን አለቃ ወልደሰንበትን ለመነችና የትውልድ አገሯን የወንጪን ማሳ እየተረከችላቸው በአቡጀዲ ላይ ሥዕል አሠራች፤ አባቷ ኦቦ ቱፋ እርፍ ጨብጠው፣ ጥቁሩ ጉራቻና ግንባረ ነጩ ቦራ ተጠምደው። አለቃ የለመደ እጃቸውን የት ይጣሉት? የበሬዎቹ ዓይን የመላእክት ዓይን ሆኖ ቁጭ አለ። ባሏ መምህር ንዋይ፣ "ክንፍ ብቻ ነው የቀራቸው" እያለ ሲስቅባት ከረመ። እሷ ግን ባየችው ቁጥር አገሯ የገባች ይመስላት ነበር።

ጉራቻ የአባቷ፣ ቦራ የጎረቤታቸው የኦቦ ጉዴ ነው። ሁለቱም ያላቸው አንዳንድ በሬ ስለሆነ ከድሮ ጀምሮ እያቀናጁ፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ያርሳሉ።

ታዲያ በቅዳሜ ገበያ የአገሯ ልጅ ቦጋለች ጉዱን ነገረቻት።

"አልሰማሽም እንዴ? አባትሽና ኦቦ ጉዴ ተኳረፉ እኮ! የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት 'ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው' ተባብለው መቀናጆው ፈረሰ። አባትሽ የጉዴ ስም ሲነሳ ከማዕድ ይነሳሉ። ደግሞ ዛሬ ሊጠይቁሽ እየመጡ ነው፤ መንገድ ላይ ነው ጥያቸው የመጣሁት።"

እታገኝ የሸመተችውን ይዛ ሮጠች። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ አንዴ ከተቀየሙ የገዛ እህታቸውን ደጅ እንኳ ዓመታት ሳይረግጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እቤት ደርሳ ሥዕሉን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ የፈረስ ኮቴ ሰማች። ነጠላዋን ጣል አደረገችበት።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ብለው፣ ልጃቸውን በኦሮምኛ ደኅንነቷን እየጠየቁ ገቡ ኦቦ ቱፋ። ሳይቀመጡ ግድግዳውን አዩ። "ከተማ ነጠላ የሚለብሰው ግድግዳው ነው?" አሉና ገለጡት።

ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ።

"ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

"ይሄስ?" ጣታቸው ቦራ ላይ አረፈ።

"የኦቦ ጉዴ ቦራ ነው። ጠቡን ሳልሰማ ያሠራሁት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"አውርጂው።"

አወረደችው። አለቀልኝ፣ እሳት ሊጨምሩት ነው አለች በልቧ።

"ጠቅልይና በገመድ እሰሪልኝ" አሉና ተቀመጡ። "አገሩ ሁሉ መዝራት ጀመረ፤ የኔም የሱም ማሳ ጦሙን አደረ። ይቅርታ እንዳልለው አፌ እምቢ አለኝ። ሽማግሌ እንዳልልክ ሽማግሌው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ይሄን ይዤ ደጁ እቆማለሁ። 'ቦራህን እልጄ ግድግዳ ላይ አገኘሁት፣ መለስኩልህ' እለዋለሁ።"

እታገኝ እፎይ አለች፤ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። "የኔ ግድግዳስ ባዶውን ሊቀር ነው?"

"ለአንቺ ሌላ አሠሪ" አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከጥቅሉ ሳያነሱ። "ብቻ ለሠዓሊው ንገሪልኝ፤ በሚቀጥለው እርፉን የሚይዘው ጉዴ ይሁን። ያን ዕለት ተራው የሱ ነበር።"