የሰማችበት ቀን

"ይኼ ደብዳቤ ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም" አለ ሊዮን፤ ወረቀቱንም በጠረጴዛው ላይ ወደ ጋሼ አሥራት መልሶ ገፋው።

ጋሼ አሥራት ክው አሉ። ደብዳቤው ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል። የእድሩ አርማ ባለበት ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ፣ ከነክብ ማኅተሙ። አሜሪካ የማኅተምን ክብር ባታውቅ እሳቸው ያውቃሉ። እና ይኼ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ የዩኒቨርሲቲ አማካሪ ይጎዳታል ይላቸዋል!

አጠገባቸው የተቀመጠችው ቢታንያ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ወለሉን ታያለች። በዲቪ ከደሴ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷና ጋሼ አሥራት አንድ ሰፈር ነው ያደጉት። ነርሲንግ ትማራለች። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ባዮኬሚስትሪ ላይ ኤፍ አገኘች። ይህንኑ ኮርስ ከዚያ በፊትም አንዴ ወድቃው ነበር፤ በፕሮግራሙ ደንብ ደግሞ አንድን ኮርስ ሁለቴ የወደቀ ይሰናበታል። የቀራት መንገድ ማመልከቻ ብቻ ነው፤ አባቷ ከፈተናው በፊት መሞታቸውን፣ ሐዘኑም እንደጎዳት አስረድታ ኤፉ እንዲሰረዝላት። ማመልከቻው ዛሬ አርብ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ካልገባ አለቀ።

"ምኑ ነው የሚጎዳት?" አሉ ጋሼ አሥራት። እንግሊዝኛቸው ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ጎማ ሲቀይሩ የተማሩት ነው፤ አጭርና ጠንካራ።

ሊዮን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የልጅቷ አባት ዲሴምበር አንድ ቀን ዐረፉ። ፈተናዋ ዲሴምበር አሥራ ሁለት ነበር። እኛ የእድሩ ሽማግሌዎች ፈተናዋን በሰላም እንድትጨርስ ብለን ነገሩን በጥብቅ ምስጢር ያዝን። በፈተናው ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ስምንት ሆነን ሄደን አረዳናት። ከዚያ በፊት ምንም አልሰማችም።

"ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያየው ይችን ነው" አለ ሊዮን፤ ቅጹ ላይ ያለች ሳጥን በእስክሪብቶው ነካ አድርጎ። "የሰማችበት ቀን። ካልሰማች ፈተናው ላይ ምን ሆነች? ይላሉ።"

ጋሼ አሥራት ደብዳቤውን ከፊቱ አነሱት። ስንት የተለፋበት ነገር ነው! በሚኖሩበት በኖርዝላንድ ሰፈር መርዶ ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ቢታንያ የምትኖርበት ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ድረስ ሄደው የቤት ጓደኛዋን ራቢያን አስምለዋል። ፌስቡክ ላይ የሟቹን ፎቶ የለጠፈ ዘመድ ሁሉ እንዲያነሳ ለምነዋል። ይህን ሁሉ ልፋት የሚያስገቡበት ሳጥን ግን ቅጹ ላይ የለም።

ሊዮን ሰዓቱን አየና፣ ውጪ ሆነው ትንሽ እንዲመካከሩ፣ እሱም እንደሚጠብቃቸው ነገራቸው። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ቢታንያ። "አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"የአባዬን ነገር። በነጋታው ነው ያወቅኩት።"

ጋሼ አሥራት ዘወር ብለው አዩዋት። "ራቢያ ናት! ወላሂ ብላኝ ነበር እኮ!"

"ኧረ ራቢያ ትንፍሽ አላለችም። እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?"

"ኮል አደረጉልኝ። ማክሰኞ፣ የምሠራበት ዌርሃውስ ብሬክ ላይ ሆኜ። ጤናሽ እንዴት ነው፣ ምግብ ትበያለሽ ወይ፣ ፋይናልሽ መቼ ነው የሚያልቀው አሉኝ። ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ደውለውልኝ አያውቁም። ከዚያ እማዬ ጋ ደወልኩ። አባትሽ ተኝቷል አለችኝ። ድምጿ ተዘግቷል። አልጠየቅኳትም።"

ጋሼ አሥራት ባርኔጣቸውን አወለቁ። መርዶ በስልክ! ያውም በገዛ ስልካቸው! ለስንቱ ወጣት ነውር ነው እያሉ ሲመክሩ ኖረው።

"ታዲያ ያን ቀን ማለዳ እንደዚያ የጮኽሽው…"

"የውሸት አልነበረም" አለች ፈጠን ብላ። "አሥራ አንድ ቀን አፍኜው ነው። ፈተናው ላይ ጥያቄውን አነበዋለሁ፣ ደግሜ አነበዋለሁ፣ አይገባኝም።"

"ለምን ሰምቻለሁ አላልሽንም?"

"እንዴት ልበላችሁ? ስምንት ሰው ሺፍቱን ትቶ፣ በዚያ በረዶ በሬ ላይ ቆሞ! እማዬም 'ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ' ብላ ስንት ቀን ለቅሶዋን ውጣ አዋራችኝ። ልፋታችሁን ከንቱ ላድርገው?"

"ለብልህ አይነግሩም" አሉ ጋሼ አሥራት፤ የቀረውን አልጨረሱትም። አፈሩ። ደግሞም ይችን ልጅ ወደዷት። እነሱ ጠበቅናት ሲሉ እሷ ስታስታምማቸው ኖራለች።

"የኔ ቃል ብቻ አይበቃም፣ ምስክር ያስፈልጋል ብሎኛል ሊዮን" አለች። "እርስዎን ማሳፈር ግን አልፈልግም። ካልሆነም ነርሲንጉ ይቅር፤ ሌላ ሜጀር እፈልጋለሁ።"

"ሦስት ዓመት ተምረሽ?"

ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ይቅር ማለቷ ከልቧ እንዳልሆነ ጋሼ አሥራት ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋቸውም።

እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። ቢታንያ ከደብተሯ አንድ ሉክ ቀደደችላቸው። "በዚህ ይጻፉት፣ ጋሼ። የእድሩ ወረቀት ከሆነ እኮ ኮፒው በስብሰባ ይነበባል። ማንም ሳይሰማ ይለቅ።"

እውነቷን ነው። በእድሩ ስም የወጣ ደብዳቤ ሁሉ በወሩ ስብሰባ ለአባላት ይነበባል፤ ያን ደንብ ያስጸደቁት ራሳቸው ጋሼ አሥራት ናቸው። የደብተሩን ሉክ ተቀበሏት፣ ለሁለት አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ከቦርሳቸው ሌላ የእድሩን ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በትልልቅ ፊደል ጻፉ።

"ቢታንያ የአባቷን ሞት የሰማችው ዲሴምበር ሁለት ቀን ነው። የነገርኳት እኔ ነኝ፤ በስልክ።"