ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

በያጁ ዓይኑን ያጣው ሥራ ላይ ነው፤ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰው አላናግር ብሎ ቤት ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ብታባብለውም ብትቆጣውም አልሆነላትም። ከዚያ ያወጣው የሥራ ጓደኞቹ ያመጡለት ሆም ቴአትር ነው፤ አንድ አምፕሊፋየርና አምስት ስፒከር። ማቆሚያዎቹን እየዳሰሰ ራሱ አስተካክሎ ሦስቱን ስፒከሮች ከፊት፣ ሁለቱን ከወንበሩ ኋላ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ከሚስቱ ቀድሞ ማየት ጀመረ።

«ሴትዮ፣ ከኋላው ሰው እየመጣበት ነው!» ይላታል።

«ለመሆኑ ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ብላ ትስቃለች።

የቴሌቪዥኑ ምስል እየደበዘዘ ሄዶ ሰውን ከጥላው መለየት ሲያቅታት አዲስ ገዛች። ባሏ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ የአሮጌውን ገመዶች መንቀል ጀመረች። ድምፁን በብርሃን ወደ አምፕሊፋየሩ ጀርባ የሚያደርሰው ቀጭን ገመድ ከዚያ አልወጣ ሲላት በጉልበት ጎተተችው። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ነገሬ አላለችውም።

አዲሱ ቴሌቪዥን ሲበራ ምስሉ ኩልል ያለ ነው። ድምፁ ግን ከራሱ ሆድ ብቻ ይወጣል፤ አምስቱ ስፒከሮች ጭጭ። ገመዱን ነቅላ ሰካች። አጥፍታ አበራች። በሪሞቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ «የውጭ ስፒከር» የሚለውን ብትመርጥ የቴሌቪዥኑም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባት።

«ሰዎቹ አለቁ እንዴ?» አላት ባሏ። ሊያስቃት ነበር፤ አልሳቀችም።

በማግስቱ ቅጥነቱ «ሽቦ» ያሰኘውን የሰፈሩን ቴክኒሻን ጠራችው። ሽቦ የገመዱን ጫፍ መዳፉ ላይ አድርጎ ከውስጡ የምትወጣውን ቀይ ብርሃን አያት።

«ቴሌቪዥኑስ እየላከ ነው፣ እትዬ። ተቀባዩ ነው ያልተቀበለው።»

አምፕሊፋየሩ ላይ የተመረጠውን መግቢያ አየ፤ ትክክል ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አሮጌው አምፕሊፋየር ወደሚያውቀው ዓይነት ቀየረው። ምንም። ከቦርሳው ሌላ ገመድ አውጥቶ ሞከረ። ምንም። በመጨረሻ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ መሰኪያውን በጣቱ ወደ ላይ ደገፍ ሲያደርገው ቤቱ ውስጥ ዝናብ ዘነበ።

ፊልም ነበር። በያጁ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ከቀኝ መኪና እየመጣ ነው» አለ። «በሩ ደግሞ ከኋላዬ ነው… ተከፈተ! አየሽው?»

«አየሁት» አለችው፤ ዓይኗ ግን እሱ ላይ ነበር።

ሽቦ ጣቱን ሲያነሳ ሁሉም ጸጥ አለ። መልሶ ደገፈው፤ ተንተባተበና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቢገፋው ቢያባብለው እምቢ አለ። ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ እያየ ብዙ ቆየ።

«የብርሃን መቀበያዋ ተገንጥላለች። የቦርዱንም መስመር ይዛው ወጥታለች።»

«ብየዳ አይዛትም?» አለ በያጁ።

«የሚያዝበት ቦታ ቢተርፍ እኔም እበይዳት ነበር፣ ጋሼ። ቦርዱም መሠራት ከቀረ ቆይቷል።»

«በሌላ መግቢያስ?» አለች ሚስቲቱ።

«አዲሱ ቴሌቪዥን ለዚህ የሚሆን ሌላ መውጫ የለውም። ቢኖረውም ከፊቶቹ ስፒከሮች እንጂ ከኋላዎቹ አያወራም።» ሽቦ ዕቃውን ሲሰበስብ ራሱን ነቀነቀ። «ግን ማነው እንዲህ አድርጎ የነቀላት?»

ሚስቲቱ ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አለ በያጁ። «በዳሰሳ ስጎትት።»

ቴክኒሻኑ እንደወጣ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ለምን ዋሸህ?»

«ዕውር አበላሸው ተብሎ ይታለፋላ። አንቺን ምን ይልሽ ነበር?»

«አውቀህ ነበር?»

«ቀጭ ስትል ደጅ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ከጆሮ ሌላ ምን ቀረኝ?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏ አንገበገባት። ሌሎች ጠጋኞች ዘንድ መሣሪያውን ተሸክማ ዞረች፤ ሁሉም ከፍተው አይተው መለሱላት። አዲስ እንግዛ ስትለው «በመርፌሽ ጉድጓድ ይቆፈራል?» አላት።

ጥቂት ምሽቶች በቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ አብሯት ተቀመጠ። «ሁሉም አንድ ጣሳ ውስጥ ገብተው ነው የሚያወሩት» አለ። እሷ ልትነግረው ሞከረች፤ «አሁን ሰውየው ተነሳ… ሴትዮዋ ቢላውን…» እያለች። ግን ቃሏ እስኪደርስ ነገሩ ያልፋል።

«ተይው፣ አፍሽ ደከመ» አላት፤ በፍቅር ነው ያላት።

ውሎ አድሮ ፊልሙ ሳያልቅ መነሳት አመጣ። ቀጥሎ ሳይጀምር። ወገቤን አመመኝ ይላል፤ እንቅልፌ መጣ ይላል። አንድ ምሽት ብትጠራው፣ ብትለምነው አልመጣም። ብቻዋን ጀመረችው። መሃል ላይ ሲደርስ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ጠፋባት። ቴሌቪዥኑን ዘግታ ገባችና አጠገቡ ጋደም አለች።

አልተኛም ነበር።

«አለቀ?» አላት።

«አለቀ» አለችው።