ደጋግሞ የሞተው ሰው

«ይሄኛውስ?» አለች ካያል፣ ፎቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ።

ፔቺያማ ከሰሌኑ ላይ ቀና ብላ አየች። ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ሞተር ብስክሌት ተደግፎ ቆሟል። ጥቅጥቅ ያለው ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተጠቅልሎ ወርዷል፤ አንገቱ ላይ ቀይ መሐረብ አስሯል።

«እኔ ይህን ሰው አላገባሁም» አለችና ተመልሳ ጋደም አለች።

«እማ፣ አባዬ እኮ ነው!»

«እሱ የፊልሙ፣ የአገሩ ሁሉ ቫሰንታን ነው። አባትሽ አይደለም።»

የባሏን አስከሬን በወጋቸው ካቃጠሉት አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የፊልም ሰዎች በሚበዙበት በሳሊግራማም ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤት ሳሎን ውስጥ የዘይት መብራት ሳይጠፋ ይበራል፤ ከመብራቱ በላይ ግን አንድ ምስማር እንጂ ሌላ ነገር የለም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ የመጨረሻው ሥርዓት ሲፈጸም ፎቶው እዚያ መሰቀል አለበት። ከዚያ ወዲያ ፔቺያማ ዕድሜዋን ሙሉ በየማለዳው መብራት የምታበራው፣ አበባ የምትጎነጉነው፣ ቀኑ እንዴት እንደዋለ የምታወራው ለዚያ ፎቶ ነው። ታዲያ ለማያውቁት ሰው እንዴት መብራት ይበራል? ለልጇ ያልነገረቻት የባሰ ፍርሃትም ነበራት። ዓይኗን ስትጨፍን የባሏ ፊት አልመጣ ብሏታል። የሚመጣላት ባለ መነጽሩ ነው።

ሀዘን ቤት እሳት ስለማይነድ ጎረቤቷ ራኩ ቡና በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች። ለለቀስተኞቹ በብረት ኩባያ እየቀዳች ታድላለች፤ በዚያውም ወሬ ታካፍላለች።

«በታሚል አገር ግድግዳ ሁሉ ላይ የተለጠፈ ሰው፣ በገዛ ግድግዳው ላይ ጠፋ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ፣ እኔ የሚገርመኝ እኮ...»

ፔቺያማ ትሰማለች። ሹክሹክታው ውጭ ከሚወርደው ዝናብ ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ፣ አንዴ እየቀረበ አንዴ እየራቀ ይመጣባታል። ሰሌኑ ላይ የተዘረጉት ፎቶዎች ሁሉ ያዩዋታል። የፖሊስ ልብስ የለበሰው፣ ዘውድ የደፋው፣ በሬ የያዘው። አንዳንዴ ሁሉም ከወረቀቱ ወርደው፣ በዝናብ ረጥበው፣ በር ላይ ተሰልፈው የቆሙ ይመስላታል። «ባልሽ እኔ ነኝ» ይሏታል በየተራ። እሷ ግን በሩን መክፈት ትፈራለች።

የባሏ እውነተኛ ስም ቫሰንታን አልነበረም። ከቲሩኔልቬሊ ከተማ ማዶ ባለ ቀይ አፈር መንደር ሱደላይሙቱ ተብሎ ነው ያደገው፤ ሬሳ የሚቃጠልበትን ሜዳ በሚጠብቀው የአገራቸው አምላክ ስም። የመጀመሪያው ፊልም አምራች ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ያዘ። «የሬሳ ሜዳ ስም ይዞ ጀግና የሚሆን ማን ነው? ከዛሬ ጀምሮ ጸደይ ነህ» አለና በቋንቋቸው ቫሰንታን አለው። ጸጉሩ ገና በሃያ አምስት ዓመቱ ሸሽቶ ስለነበር ዊግ አጠለቁለት። የፊት ጥርሱ ጠማማ ስለሆነ አፉን ገጥሞ ፈገግ ማለት አስተማሩት። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ሃያ ፊልም ሠራ። ማዱራይ ከተማ ፎቅ በሚያክል ምስሉ ላይ አድናቂዎቹ ወተት አፈሰሱለት። ፔቺያማ ሳሪዋን ተከናንባ ሲኒማ ቤት ትገባና በባሏ ፍቅር በሚቃትቱ ሴቶች መሐል ትቀመጣለች። ቤት ስትመለስ ያ ሰው ራሱ መላጣውን እያሻሸ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ያደረ ሩዝ በሽንኩርት ሲበላ ታገኘዋለች። ያን ጊዜ አገር ሁሉ የማያውቀውን አንድ ሰው ለብቻዋ የያዘች እየመሰላት ደስ ይላት ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ፎቶ አላነሳችውም። እሱም ያለ ዊግ ካሜራ ፊት አልቆም ብሎ፣ በልጃቸው ሠርግ ላይ እንኳ ቫሰንታንን ሆኖ ነው የተነሳው። ሬሳውም የተቃጠለው ዊጉን እንዳጠለቀ ነው።

ቡናው በእጇ ቀዝቅዞ ሸለብ አደረጋት። ባሏ ሳይቃጠል በፊት አበባ ተከምሮበት የተኛበት ባለ መስተዋት ማቀዝቀዣ ሣጥን ታያት። መስተዋቱን በክርኑ ገፋ አድርጎ ቀና አለና «ጥሩ ወጣ? ወይስ እንድገመው?» አላት። ፊቱን ለማየት ስታጎነብስ የካያል እጅ ቀሰቀሳት።

መጀመሪያ የሞተው በሃያ አንደኛው ፊልሙ ላይ ነው። ልሙት ብሎ ድርቅ ያለው ራሱ ነው። «ሁልጊዜ ማሸነፍ ታከተኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ልሙት» አለ። ማዱራይ ላይ ወንበር ተነቃቅሎ ተወረወረ። የአድናቂዎቹ ማኅበር መሪ ታንጋራሱማ ገዳዩን ሊያንቅ ዘሎ መጋረጃውን ቀደደው። ፊልሙ ከሰረ፣ አምራቾችም ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ሞት እንጀራው ሆነ። መጀመሪያ ፊልሙ ሲያልቅ ይሞት ነበር። ቆይቶ፣ ተመልካች ለእረፍት ሻይ ሳይጠጣ መሞት ጀመረ። ቀጥሎ የወጣቶቹ ጀግኖች አባት ሆኖ፣ ልጁ ደሙን እንዲመልስ፣ የተዋንያን ስም ሳይጻፍ ይገደል ጀመር። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ፤ በመጨረሻ ታሪኩ ሳይጀመር ሞቶ ተገኘ። በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አበባ የተንጠለጠለበት የሟች አባት ፎቶ ሆነ።

ያን ቀን ተጣልተው ነበር።

«ቆመው እየሄዱ አበባ ያስሰቅሉብኛል?» አለችው። «ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ?»

«አንቺ ደሞ! ፎቶ አይደክመው፣ ቃል ማጥናት የለበት። ቆንጆዋ ምራት በየጠዋቱ እጅ ትነሳኛለች። በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ የተከበርኩበት ቦታ የለም።»

አልሳቀችለትም። ስድስት ወር ሳይሞላ ልቡ ቀጥ አለች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ድራማውን ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ታቅፎ መጣ። ከንፈሩን መጠጠ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ከዚያ ጋዜጣውን ፈታ። ያው ፎቶ ነበር፤ የፕላስቲክ አበባው እንኳ አልወለቀም።

«እትዬ፣ ፎቶ ተቸግረዋል ሲሉ ሰማን። እኛ ጋ የተዘጋጀ አለ። ፍሬሙም ጥሩ እንጨት ነው።»

«ድራማው አልቋል እንዴ?» አለች ፔቺያማ።

«ኧረ አላለቀም! ግን... እሳቸው አሁን ከምር ስለሞቱ፣ እዚያ መሰቀላቸው ገድ የለውም ተባለ። ሌላ አባት ሰቅለናል። በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው።»

«በሕይወት እያሉ ሙት አደረጋችኋቸው። ሲሞቱ ደግሞ ለሙትነትም አልሆኑም?» አለች ፔቺያማ። «ውሰድልኝ። ይህ ነው የበላቸው።»

ሰውየው ፍሬሙን እንደገና ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ የአድናቂዎቹ መሪ ታንጋራሱ ከማዱራይ ተመልሶ መጣ። ሟቹ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የሬሳውን እሳት የለኮሰው፣ ለሀዘኑም ጸጉሩን የተላጨው እሱ ነው። ብብቱ ሥር የፖስተር ጥቅል ይዟል።

«እትዬ፣ ነገ አሥራ ስድስተኛው ነው። ከተማውን ሁሉ በዚህ ልንለጥፈው ነው» አለና ጥቅሉን ዘረጋ። ባለ መነጽሩ ሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ አያት። «የቤቱም ይኸው ይሁን። ሕዝቡ ወንድማችንን የሚያውቀው እንዲህ ነው።»

«እማ፣ በቃ እንስማማ» አለች ካያል፣ ድምፅዋ በድካም ተሰብሮ። «ነገ ባዶ ግድግዳ ፊት ልንቆም ነው?»

ፔቺያማ ባሏን ፈልጋ እንደገና ዓይኗን ጨፈነች። አልመጣም። ወይ ጉድ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያቸው ተኝቼ! አለች በልቧ። «እንዳላችሁ» ለማለት አፏን ስትከፍት በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የረጠበ ጃንጥላውን ሲያጥፍ አየች።

አሮክያዶስ ነበር፣ በፊልም መቅረጫ ቦታዎች ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው። ተቀመጠ። ራኩ የሰጠችውን ቡና ሳይነካ ከጨርቅ ቦርሳው ፖስታ አወጣ።

«እትዬ፣ ላምጣው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት» አለ። «በእኛ ሥራ ልማድ አለ። ተዋናይ ሲሞት ተቀርጾ ካለቀ በኋላ፣ ሞቶ እንዳለ ወደ ቤቱ አይሰደድም። ብድግ ይልና ካሜራውን እያየ ይስቃል። ሞት ተከትሎት እንዳይሄድ ነው። እኔ ሳቁን አነሳለሁ፣ ክፉ ዓይን እንዳይነካን ነጭ ዱባ መሬት ላይ ይፈነከታል፣ ከዚያ ሻይ። እነዚህን ፎቶዎች የሚፈልጋቸው የለም፤ ሁሉም ይጥላቸዋል። እኔ የእሱን አልጣልኩም።»

«ስንት ናቸው?»

«ሃያ ሰባት።»

አንድ በአንድ ሰሌኑ ላይ ደረደራቸው። በመጀመሪያዎቹ ላይ የሚስቀው ቫሰንታን ነው፣ አፉ ግጥም፣ ዊጉ ድርድር ያለ። ዓመታቱ እየገፉ ሲሄዱ ዊጉ ወደ ጎን ሸርተት ይላል፣ አፉም ይላቀቃል። ፔቺያማ በጉልበቷ እየዳኸች ተከተለቻቸው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

ዊጉ ጭኑ ላይ እንደ ድመት ተኝቷል። መላጣው በላብ ያበራል። ጠማማ ጥርሱ ወጥቷል፣ ዓይኖቹ ከሳቅ ብዛት ጠፍተዋል። ከአፉ ጥግ እስከ አገጩ ድረስ የቀለም ደም ወርዷል።

«እሳቸው ናቸው» አለች ፔቺያማ፣ ለራሷ ያህል። «ምን ብላችኋቸው ነው እንዲህ የሳቁት?»

«እኛማ ምንም አላልን። ሲሞት ውሎ ወደ ቤት ሲገባ፣ እርስዎ በር ላይ 'ዛሬም ሞተው መጡ?' እያሉ የሚቀበሉትን ይነግረን ነበር። የእርስዎን ድምፅ ያወጣል፤ ራሱ ያወራል፣ ራሱ ይስቃል።»

ፔቺያማ ቀስ ብላ «ለዚያ ለቴሌቪዥኑ ፎቶስ? ያን ጊዜ አሳቋቸው?» ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው አቀረቀረ። «እኔ አልነበርኩም፣ እትዬ። ያኛውን ማንም ሞት ብሎ የቆጠረው አይመስለኝም።»

ያን ቀን ቤት ሲገባ ፔቺያማም አልሳቀችለትም ነበር። ይህን ማንም አላወቀባትም፣ እሷ ግን አወቀች፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

ታንጋራሱ ፎቶውን ከእጇ ወሰደ። «ይሄ... ይሄ እንኳ ለፖስተር አይሆንም» ብሎ ጀመረ። እጁ ወደ ተላጨው የገዛ ራሱ ሄደ። «ወንድማችን ጸጉር አልነበረውም?»

«ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኮ ማበጠሪያ እየገዛሁ ነው የምልክለት!»

ካያል ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን በሳሪዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ታንጋራሱ ፎቶውን ለፔቺያማ በሁለት እጁ መለሰላት። «መንገዱን ለእኛ ይተዉልን፤ የቤቱ ግድግዳ የእርስዎ ነው» አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ አባራ፤ ዘመድ ወዳጅ ሳሎኑን ሞልቶ ቆመ። ከሃያ ሰባቱ ሳቆች ፔቺያማ የመረጠችው በመስተዋት ተለብጦ ተሰቀለ። ካያል በመስተዋቱ ላይ ግንባሩን በውሃ የተለወሰ ሰንደል ቀብታ ቀይ ነጥብ አኖረችበትና የጃዝሚኑን ጉንጉን ለእናቷ አቀበለች።

ፔቺያማ ጉንጉኑን ይዛ ቀረብ አለች። ለማጥለቅ እጇን ከፍ ስታደርግ ቆም አለች።

«እስቲ ትንሽ ያዢልኝ» ብላ አበባውን ለልጇ መለሰችላት።

የሳሪዋን ጫፍ በምራቋ አራሰችና ከአፉ ጥግ እስከ አገጩ የወረደውን ቀይ ቀለም በመስተዋቱ ላይ ጠረገች። አልለቀቀም። እንደገና ጠረገች።

«እማ» አለች ካያል ቀስ ብላ፣ «ፎቶው ውስጥ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ፔቺያማ፣ ጨርቁን እንደገና እያራሰች።