የቁጥር አርባ አንድ ፖስታ

ፖስታውን የከፈትኩት ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የቢሮዬን በር ከውስጥ ቆልፌ። በመድኃኒት ሙከራ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። በኮቻባምባ ከተማ የሕፃናት ክትባት ሞክሬያለሁ፣ በቤኒ ቆላ የወባ መድኃኒት ሞክሬያለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ፖስታ ከፍቼ አላውቅም። በዚህ ነገር ጉረኛ ነበርኩ። ነርሶቹ ከኋላዬ «ወይዘሮ ደንብ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

በእኛ በሚስኬ ሸለቆ፣ በጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ቪንቹካ የምትባል ደም መጣጭ ተባይ ትኖራለች። የተኛ ሰው ትነክሳለች። ያስተላለፈችው በሽታ ሃያ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና አንድ ቀን ሰውዬውን እርሻ መሃል ልቡን ቀጥ አድርጎ ይጥለዋል። አባቴን የወሰደችው እሷ ናት። አዲሱ መድኃኒት ሲመጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈቃድና ገንዘብ ስለምን ኖሬ፣ በመጨረሻ ከሦስት መንደር ስልሳ አራት ሰው መዘገብኩ። ግማሾቹ እውነተኛውን ክኒን፣ ግማሾቹ ደግሞ በመልክ የማይለየውን ባዶ ክኒን ለሁለት ወር ይወስዳሉ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እኔም ነርሷም አናውቅም፤ ካወቅን እናደላለና። የእያንዳንዱ ሰው ምስጢር በየቁጥሩ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሚከፈተው ነፍስ ለማዳን ብቻ ነው።

ቁጥር አርባ አንድ ኤውሎጂያ ናት፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ድንች አምራች፣ የአራት ልጆች እናት። ክኒኑን በጀመረች በአሥራ አንደኛው ቀን ባሏ ዜኖቢዮ በሞተር ብስክሌት ከጀርባው አስሮ አመጣት። ፊቷ አብጧል፣ ሽፍታው ከአንገቷ እስከ ወገቧ ወርዷል፣ ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነው። የእኛ ክኒን ከሆነ አሁኑኑ መቆም አለበት። ካልሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው የሚፈለገው።

ወረቀቱ «ባዶ» ይላል።

ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ እውነቱ ግን እሱ ነው። ሴትዮዋ በትኩሳት እየነደደች እኔ መድኃኒቴ ከወቀሳ ስለዳነ ተደሰትኩ።

ነርሷ ሮስሜሪ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ዶክተር፣ ክኒኑን ለጊዜው ብናቆመውስ?»

«ለምን?»

«ለጥንቃቄ ነዋ።»

«ካቆምነው ለምን ቆመ ብላ ትጠይቃለች፣ ባሏ ይጠይቃል፣ ነገ ገበያው ሁሉ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። ያሳመማት ክኒኑ አይደለም። ትቀጥል።»

ሮስሜሪ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ከፈቱት እንዴ?»

«ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

ፖስታ መክፈቴን በዚያው ሰዓት ለዋናው ቢሮ መንገር ነበረብኝ። የጥናቱ ተቆጣጣሪ የፊታችን ማክሰኞ ስለሚመጣ ያኔ እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ቁስል አመርቅዞ ይሆናል በሚል ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን አዘዝኩና ወደ ኤውሎጂያ አልጋ ሄድኩ። ከቤቷ ያመጣችው የክኒን ብልቃጥ ትራሷ አጠገብ ነው።

«ዶክተር፣ አፌ እየነደደ ነው» አለችኝ። «ክኒኑን ልተወው?»

«አይዞሽ፣ እሱ ምንም አያደርግሽም። ዋጪው።»

ውሃውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ዋጠችው።

ዓርብ ጠዋት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ የአፏ ውስጥ ተልጦ አገኘኋት። ሮስሜሪ አንሶላ ልትቀይርላት ስታገላብጣት የጀርባዋ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ። ከተማ ወዳለ የቆዳ ስፔሻሊስት ደወልኩ። አብሮኝ የተማረ ሰው ነው።

«አዲስ የጀመረችው መድኃኒት አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከዚህ በላይ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።»

«እንግዲያው በሽታው ግራ ነው የሚያጋባኝ። ዛሬውኑ ካላመጣሻት አትተርፍም።»

እንዴት አድርጌ? ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ በገበሬ ማኅበሩ ተቃውሞ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቷል። ዜኖቢዮ አምቡላንስ እንዲያሳልፉ ሊለምናቸው ሄደ። እኔ ከመጽሐፍ መጽሐፍ አገላብጣለሁ፣ እሷ ትቃትታለች። በስምንት ሰዓት ደግሞ አንድ ክኒን ሰጠናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፕሪሚቲባ በእግሯ መጣች፤ የበቆሎ ሾርባ በማሰሮ አዝላ። የኤውሎጂያን የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ያነሳች አበልጇ ናት፤ ቤታቸው በአንድ ግድግዳ የተያያዘ፣ ምላሷ የማያርፍ የስልሳ ዓመት ሴት። በእኛ መዝገብ ቁጥር አርባ ሁለት ናት።

«ዶክተርዬ፣ አንቺም ከሳሽ እኮ» አለችኝ በር ላይ። «ሐኪም ቤት ውለሽ እያደርሽ የሚያክምሽ አጣሽ?» አበልጇን ስታይ ግን ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ቆየት ብላ ከብብቷ የተቋጠረ መሐረብ አወጣችና ፈታችው። ውስጡ ክኒን ነው። «ብልቃጥሽ ሳይጎድል አልቀረም ብዬ ጨምሬ አመጣሁልሽ» አለቻት።

«እትዬ ፕሪሚቲባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድርሻዋ ነዋ።»

«የምን ድርሻ?»

ኤውሎጂያ ዓይኗን ጨፈነች። ፕሪሚቲባ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየች ተናገረች፤ «አንቺው አይደለሽ የነገርሽን? አንዷ እውነተኛውን ትወስዳለች፣ አንዷ ባዶውን፣ የማን የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም አልሽን። ቤት ገባንና ተመካከርን። አበልጄ ሞታ እኔ ልድን? ወይስ እኔ ሞቼ እሷ ትዳን? ሁለቱን ብልቃጥ አንድ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠን፣ በእንጨት ማንኪያ አማስለን፣ በየሳምንቱ እኩል እንካፈላለን። ቁጥሩን እንደሆነ አላጎደልንብሽም።»

የክኒን ቆጠራቸው ፍጹም እንደነበር ትዝ አለኝ፤ አንድም አልጎደለም። የጥናቱን ነገር ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፣ እነሱም አሳምረው ገብቷቸዋል። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ። የቁጥር አርባ ሁለት ብልቃጥ እውነተኛው እንደነበር ገላዋ ይመሰክራል፤ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ይህች ሴት ግማሹን ወስዳለች። ከዚያም ውስጥ የሁለቱን ቀን ውሃ እያቀበልኩ ያስዋጥኳት እኔ ነኝ።

መሐረቡንም ብልቃጡንም ነጥቄ ኪሴ ከተትኩ። «ሮስሜሪ! የአለርጂውን መርፌ፣ ትልቁን መጠን!» ወደ ስፔሻሊስቱ መልሼ ደወልኩ። «ቅድም የነገርኩህ ሐሰት ነው» አልኩት። «መድኃኒት አለ።» አልተቆጣም፤ አንድ በአንድ አዘዘኝ፣ አንድ በአንድ ፈጸምኩ። እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ትንሽ ፋታ ሳገኝ ፕሪሚቲባን ወደ ደጅ ወሰድኳት። «ሌላ እንዲህ ያደረገ አለ?»

«ማን ያላደረገ አለ?» አለችኝ በጥያቄዬ ተገርማ። «በወንፈል አብረን አርሰን፣ በወንፈል አብረን አጭደን፣ ክኒን ለየብቻ ይዋጣል እንዴ?»

እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ለዋናው ቢሮ ደወልኩ። ፖስታ መክፈቴንም ክኒኑ መቀላቀሉንም ነግሬ፣ የስልሳ አራቱም ክኒን ዛሬውኑ ይቁም አልኩ።

«የጥናቱ ነገር አበቃ ማለት ነው» አለ ተቆጣጣሪው።

«አበቃ።»

«ፖስታውን መቼ ከፈትሽ?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

«ክኒኗን መቼ አቆምሽ?»

«አሁን።»

 «በጽሑፍ ላኪልኝ» ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ሁኔታዋ አልተሻሻለም። አምቡላንሱ እንዲያልፍ ገበሬዎቹ ቢፈቅዱም ስፔሻሊስቱ ቆዳዋ እንዲህ እየተላጠ አሁን አታንቀሳቅሷት አለ። እሑድ ከሰዓት ትኩሳቷ ወረደ። ሰኞ ጠዋት ዓይኗ ተገልጦ «ራበኝ» አለች። ሮስሜሪ መድኃኒት ክፍል ገብታ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም።

በምሳ ሰዓት ስገባ ፕሪሚቲባ ሾርባውን አሙቃ ተቀምጣለች።

«እሺ ዶክተርዬ» አለችኝ፤ «አሁንማ ጥናቱ ፈርሷል አሉ። ንገሪን፣ እውነተኛው የማናችን ነበር?»

ዝም ብል ይቻለኝ ነበር። «የእርስዎ» አልኳት። «የኤውሎጂያ ባዶ ነበር።»

የፕሪሚቲባ ፊት ተለዋወጠ። «እንግዲያው ያሳመምኳት እኔ ነኛ። ላድንሽ ብዬ በእጄ መርዝ አጎረስኩሽ?»

«ዝም በይ አበልጄ» አለቻት ኤውሎጂያ በተቆሳሰለ ከንፈሯ። «አውቀሽ ነው?»

እዚህ ላይ መውጣት እችል ነበር። ሴትዮዋ ግን የእኔን ጥፋት ተሸክማ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው።

«እርስዎ አይደሉም» አልኩ። «ሐሙስ ጠዋት ታማ ስትመጣብኝ ክኒኑ ይቁም ማለት ነበረብኝ። ፖስታዋን ከፍቼ ባዶ መሆኑን አይቼ ነበር። ያንን እያወቅሁ ነው ዋጪው ያልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ።»

ፕሪሚቲባ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ባዶ መሆኑን እያወቅሽ ምን ያድርግላት ብለሽ ነው ዋጪ ያልሻት?»

«ለእሷ ብዬ አይደለም። ነገሩ እንዳይወራና ጥናቱ እንዳይበላሽ ነው።»

ኤውሎጂያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፕሪሚቲባ ሾርባውን በሁለት ሳህን እኩል ቀዳች፤ አንዱን ለአበልጇ አቀበለች፣ አንዱን ለራሷ ያዘች።

«ሥራ ካለብዎት ይሂዱ፣ ዶክተር» አለችኝ።

መብላት ጀመሩ። እዚያው ቆሜ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ሸለቆ ስመላለስ፣ እህል ቀርቦ «እንብላ» ሳልባል የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።