የአጥሩ መድኃኒት

ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ አንድ ቀንበጥ ይዛ ስታጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ክረምት ከበጋ አረንጓዴነቱን የማይለቅ ተክል እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አባቷ ከቁራጭ ተክለው ያሳደጉት፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ እያደረጉ የሚከረክሙት አጥር ነው፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንኳ በመዳፋቸው እየዳበሱ ይቆርጡታል። አሁን በጎረቤቷ በር በኩል ያለው ማዕዘን ደርቆ ቡናማ ሆኗል።

ለምን ያ ማዕዘን ብቻ? ልብስ ሰፊዋ መልሱን ለራሷ ከሰጠች ሰንብታለች። ጎረቤቷ የጥርስ ሐኪም ናት። መኪናዋን ስታወጣ ቅርንጫፉ ቀለሙን እየፋቀባት፣ "ይነቀልና ብሎኬት እናቁም" ብላ ነበር። አባትየው "እኔ ሳልሞት!" አሉ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሟ ሰላምታ ቀዝቅዟል፤ ወይም ለልብስ ሰፊዋ እንደዚያ መስሏታል።

ቀንበጡን እንደያዘች ከአጥሩ ማዶ የስልክ ወሬ ሰማች።

"መድኃኒት አድርጌበታለሁ አልኩህ እኮ" ትላለች ሐኪሟ። "ሥሩ እስኪሞት ታገሥ። እምቢ ካለ እነቅለውና እንገላገላለን።"

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። መርፌ የሰካችበትን ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ ዞራ በጎረቤቷ በር ገባች።

"ምን በደለሽ?" አለች ቀንበጡን ፊቷ ላይ ደቅና።

"ማን?"

"አጥሩ ነዋ! ሥሩ እስኪሞት ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!"

ሐኪሟ ስልኩን አየች፤ ቀንበጡን አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "የወንድሜ የመንጋጋ ጥርስ እኮ ነው! ሲያመው አድሮ ነው የደወለልኝ።"

ልብስ ሰፊዋ አፈረች፤ ጥርጣሬዋ ግን አልለቀቃትም። "ታዲያ ይሄን ማን አደረቀው?"

"ምንድነው ጫጫታው?" አባቷ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። "እኔ እንደሆነ መድኃኒቱን አላቋረጥኩበትም። ያንን ማዕዘን ትል ጀምሮት ስለነበር፣ አንቺ ገዝተሽ ያስቀመጥሽውን በየጠዋቱ እረጭለታለሁ።" ጠርሙሱን በኩራት አቀበሏት።

በድንጋይ ንጣፉ መሐል የሚበቅለውን ሣር ለማጥፋት የገዛችው የአረም መድኃኒት ነው። ሐኪሟም በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ ጽሑፉን አነበበች። ሳቋ ጠፋ።

"ምን ይላል? አሳንሼበት ይሆን እንዴ?" አሉ አባትየው።

ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ብትነግራቸው ሁለተኛ መቀስ እንደማያነሱ ታውቃለች።

"ጊዜው አልፎበታል ይላል፣ አባዬ። ሳላይ የገዛሁት እኔ ነኝ።"

"ድሮም የዚያ ባለሱቅ ነገረ ሥራው አያምረኝም!" አሉ አባትየው።

ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። ጠርሙሱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወደ ግቢዋ ተመለሰች፤ ትልቁን መቀስ አምጥታ አባቷን አስያዘቻቸው።

"የሞተውን እናውጣለት። ከታች ያቆጠቁጥ ይሆናል።"

"ከየት ልጀምር?"

እጃቸውን ይዛ በሐኪሟ በር በኩል ያለው ማዕዘን ላይ አሳረፈችው።

"ከዚህ፣ አባዬ። ለመኪናዋ ሰፋ አድርገህ።"