አምስተኛው ድረ ገጽ

የዓለምዘርፍ ለአንድ ድረ ገጽ ነጥብ ከመስጠቷ በፊት ሦስት ጊዜ ትከፍተዋለች፤ አንዴ በቢሮዋ ኮምፒውተር፣ አንዴ በራሷ ስልክ፣ አንዴ ደግሞ ስክሪኑ በተሰነጠቀው የባልደረባዋ የይርገዱ አሮጌ ስልክ። መካነ ሰላም ላይ ኔትወርኩ እንደ በልግ ሰማይ ነው፤ ጠራ ሲሉት ይዳምናል። በጥሩ ስልክና በጥሩ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ገጽ ለእሷ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ለመከፈት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ፊደሉ መነጽር ለሌለው ሽማግሌ ይነበብ እንደሆነ፣ ስለት ያለበት ምእመን የባንኩ ቁጥር ዘንድ ለመድረስ ስንት ጊዜ መንካት እንዳለበት፣ ሁሉንም በሠንጠረዥ ታሰፍራለች። ነጥቡ ከሠላሳ ነው።

አሁን የሌሎችን የምትመዝነው ለጥዳምባ ሚካኤል ድረ ገጽ ልትሠራ ብላ ነው። ደብሩ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አባቷ ቄስ ተክለ ሃይማኖት የደብሩ ገበዝ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ድረ ገጽ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ደግሞ አቶ ምንይችል ናቸው፤ የአገሩ ተወላጅ፣ አዲስ አበባ ገብተው የከበሩ፣ ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ያለበሱ ሰው።

«ያን ጥንታዊ ወንጌላችንን ዓለም ይየው» ብለዋት ነበር። «ከመሥራትሽ በፊት ግን የሌሎችን እይ። አራቱን አንቺ ፈልጊ፤ አምስተኛውን እኔ እልክልሻለሁ። ሥዕሎቹ የተነሡበትን ማዕዘን ልብ በይ። የእኛም ልክ እንደዚያ እንዲነሣ ነው የምፈልገው።»

ቢሮውን የምትጋራትና በወዲያኛው ጠረጴዛ ማመልከቻ የምትጽፈው ይርገዱ ነገሩ አልገባ ብሏታል።

«ለቤተ ክርስቲያን ምን ተወዳዳሪ አለውና ነው? ሚካኤልንና ገብርኤልን ልታፎካክሪ ነው?»

«ገጻቸውን ነው እንጂ እነሱንማ እንዴት ብዬ።»

«ታዲያ ማን በለጠ?»

«አንዱ ገብርኤል ዐሥራ አንድ አገኘ። ሥላሴ ዘጠኝ።»

«በስማም! ሥላሴን ዘጠኝ? ንስሐ ግቢ አንቺ ልጅ፣ ዛሬውኑ ንስሐ ግቢ!»

አራቱ በርግጥም ደካሞች ነበሩ። አንደኛው ሳይጠሩት መዝሙር ይለቅቃል፤ ሌላው የባንክ ቁጥሩን የጻፈው በሥዕል ውስጥ ስለሆነ መቅዳት አይቻልም። አምስተኛው ግን ሌላ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የቆዩ የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት ገጽ ነው። በተሰነጠቀው ስልክ እንኳ በሦስት ሰከንድ ተከፈተ። ነጭ መደብ፣ ዘጠኝ መጻሕፍት፣ ሌላ ምንም የለም። ሥዕሉን በጣት ሲያጎሉት አይደበዝዝም፤ እየተጠጋ፣ እየተጠጋ ይሄድና የፍየሉ ጠጉር የበቀለበት ቀዳዳ በብራናው ላይ ይታያል። ሃያ ዘጠኝ ሰጠችው። አንድ የቀነሰችው ባለቤቱ ማን እንደሆነ የትም ስላልተጻፈ ነው።

የቄስ ልጅ ናትና መጀመሪያ ያጎላችው የየመጽሐፉን የፊት ቅጠል ነበር። እዚያ ላይ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደሆነ ይጻፋል፤ ከሥሩም «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን» ተብሎ የሰረቀውም የፋቀውም ይረገማል። በዘጠኙም ላይ ያ ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ ብቻ ሳይሆን ሻካራ ነው፤ በስለት የተፋቀ ብራና እንደ በግ ጎን ይንጨባረራል። የገጹ ባለቤት ካሜራ ጥሩ መሆኑ ያንንም ጨምሮ አሳያት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ቆየችና ሥራዋን ቀጠለች፤ ገጹን እስከ ታች ድረስ ማየት፣ ማንም የማይነካትን ጥግ ሁሉ መንካት ልማዷ ነው። ከታች አንዲት ትንሽ ቃል ስትነካ ሌላ ገጽ ተከፈተ። በገጹ ላይ ሥዕል የሌለው አንድ ግራጫ ሳጥን አለ። «በቅርቡ ለሽያጭ ይቀርባል» ይላል። «አራቱ ወንጌል። ቁመት 34፣ ወርድ 25 ሳንቲሜትር። 214 ቅጠል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዕቃ ቤቱ ሳይቆለፍ፣ አባቷ ቅጠሉን እየገለጡ እሷ እየቆጠረች፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ላይ ነበር የጨረሱት። ቁመቱንና ወርዱን በማስመሪያ የለካችው ራሷ ናት። ሰኞ ጠዋት ቁጥሮቹን ለአንድ ሰው ብቻ ላከች፤ ለአቶ ምንይችል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። አቶ ምንይችል የቀጠሯቸው ፎቶ አንሺዎች ነገ ይመጣሉ።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ይርገዱ።

«ምንም። አንድ ነገር ላረጋግጥ።»

አንድ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም የሚል እምነት አላት። ሁለት መጻሕፍት በአጋጣሚ እኩል ልክና እኩል ቅጠል ሊኖራቸው ይችላል። ስልኳን አንሥታ ለአቶ ምንይችል እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ጋሼ ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ። ደግሜ ብቆጥረው 208 ነው።» ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። «እሺ የእኔ ልጅ» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ገጹን እየከፈተች ሰዓቱን መዘገበች። ሦስት ተኩል፦ 214። አራት ሰዓት፦ 214። አምስት ሰዓት ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ስድስት ከሩብ ላይ ሲመለስ ግራጫው ሳጥን 208 ይል ነበር።

ገጹንም የተፋቁትን ቅጠሎችም በፎቶ አስቀረችና ባጃጅ ተኮናትራ ወጣች።

አባቷን ያገኘቻቸው ከቅጥሩ ጋር ከተያያዘው ቤታቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። የጾም ቀን ስለሆነ እህል አልቀመሱም። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁጥር ተለወጠ ተብሎ ሰው ሌባ አይባልም፣ ልጄ። ጣራችንን ያለበሰ ሰው ነው። ዝናብ በመንበሩ ላይ ሲወርድ የደረሰልን እሱ ነው።»

«ይሁን አባዬ። ይችን ብቻ ይዩልኝ።»

ካስቀረቻቸው ሥዕሎች አንዱን፣ የተፋቀውን ቅጠል፣ እስከ መጨረሻው አጉልታ ሰጠቻቸው። ቄስ ተክለ ሃይማኖት ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ጥላ እንዲያገኝ በነጠላቸው ከለሉት። ብራና ቢፋቅም ቀለሙ የጠጣው ቦታ ጠባሳው አይጠፋም። ከንፈራቸው ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዴ አነበቡ፤ ደገሙ። ከዚያ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«ይሄ የዝግባ ገብርኤል ደብር መጽሐፍ ነው» አሉ። «ወጣት ሳለሁ እየሄድሁ አንብቤበታለሁ። የጸሐፊውን እጅ አውቀዋለሁ። ጠፋ ከተባለ ሁለተኛ ዓመቱ ነው።»

«የዝግባ ገብርኤልን ጣራ ማን ነበር ያለበሰው?»

አባቷ ቀና ብለው በፀሐይ የሚያብለጨልጨውን የራሳቸውን ደብር ቆርቆሮ አዩ።

በዚያው ቅጽበት ስልኩ በእጃቸው ላይ ጠራ። የአቶ ምንይችል ስም ተጽፏል። የዓለምዘርፍ ተቀበለቻቸውና አባቷም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«የዓለምዬ፣ እንዴት ዋልሽ? አባትሽ ደኅና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ።»

«ፎቶ አንሺዎቹን ይዤ እየመጣሁ ነው። ነገ ነበር ያልነው፤ ግን ዛሬ ይሻላል። አቀስታን ካለፍን ቆየን፤ ልንደርስ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት መቶ ስምንት ያልሽኝ፣ መቼ ቆጠርሽው?»

«ደግሜ… ደግሜ ቆጥሬ ነው።»

«እኮ መቼ?» ድምፃቸው ልጅ የሚያባብል ሰው ድምፅ ነበር። «ዕቃ ቤቱ እኮ ከእሑድ ወዲህ አልተከፈተም።»

የዓለምዘርፍ ወደ አባቷ ዞረች።

«አብሽሪ፣ ሰው ነሽ፤ ሰው ይሳሳታል። ስንደርስ አብረን እንቆጥረዋለን።»

ስልኩ ተዘጋ።

ስህተቷ ያኔ ፍንትው ብሎ ታያት። ጠዋት ወጥመዱን ስትሠራ የቁጥሩን መለወጥ እንጂ ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ምን መሆን እንዳለበት አላሰበችም። ቅጠል ደግሞ ለመቁጠር መጽሐፉ መውጣት አለበት፤ መጽሐፉ እንዲወጣ በሩ መከፈት አለበት። አቶ ምንይችል ግን አሰቡ። አስበውም ጠየቁ። የጠየቁት የደብሩ ሰው ደግሞ መልሱን ያውቅ ነበር።

«ከእሑድ ወዲህ እንዳልከፈትሁ ለማንም አልተናገርሁም» አሉ አባቷ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር።

«በሩን በየቀኑ የሚያየው ማነው?»

«ዘበኛው ዓባይነህ። የሰበካው ጸሐፊ መዝገቡ። ሁለቱ ዲያቆናት።» ጣታቸውን ማጠፍ ጀምረው ተዉት። «ዓባይነህን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። መዝገቡን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ።»

«አባዬ፣ ለፖሊስ እንደውል።»

«ደውይ። ግን ከመካነ ሰላም እስኪነሡ መኪናው ቀድሟቸው ይደርሳል።»

እሷ እየደወለች ተከተለቻቸው። የስልኩ ተረኛ «ስምዎን ይድገሙልኝ» እያለ ሲያመላልሳት አባቷ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። ወንጌሉ በማኅደሩ ውስጥ፣ በቦታው ነበር። አወጡት፤ ግንባራቸውን አስነኩት፤ በነጠላቸው ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት። በሩን አልቆለፉትም። በቀጥታ ወደ ደወሉ ሄዱና በአንድ እጃቸው ገመዱን ሳቡት።

ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወል ትርጉም ለአገሩ ሰው አይጠፋውም። ከገብሱ ማሳ፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከየጎጆው ሰው ይጎርፍ ጀመር። አንዱ አካፋ፣ አንዱ ዱላ ይዟል፤ ሴቶቹ «እሳት ነው? የት ነው እሳቱ?» ይላሉ። ቄስ ተክለ ሃይማኖት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው የሆነውን ተናገሩ። አጭር ነበር። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቅጠል አሉ፤ የዝግባ ገብርኤልን ስም ጠሩ፤ የጣራውን ነገር አልሸሸጉም። ከሕዝቡ መሀል የትምወርቅ የተባሉ አሮጊት ቆርቆሮውን ቀና ብለው አይተው «ወንጌላችንን በዚህ ሊለውጠን ኖሯል!» ብለው ጮኹ።

ድልድዩ ዘንድ አቧራ ተነሣ። ሁለት መኪኖች ነበሩ። ፊተኛው ሕዝቡን ሲያይ ይመስላል ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ። ኋለኛውም ከበስተጀርባው ቆመ። በሮቻቸው አልተከፈቱም። ሞተሩም አልጠፋም፤ ጉምጉምታው እስከ ቅጥሩ ድረስ ይሰማል።

የዓለምዘርፍ በሕዝቡ መካከል ቆማ ትቆጥር ነበር፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት። ዘበኛው ዓባይነህ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። መዝገቡ ከአጠገቡ ነው። ዲያቆናቱም አሉ። ሁሉም እንደ ሌላው ሰው ወደ ድልድዩ ያያሉ፤ ሁሉም እንደ ሌላው ሰው ፊታቸው ተቆጥቷል።

አባቷ ግን መኪኖቹን አላዩም። ወንጌሉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደያዙ፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ከፊታቸው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ያዩ ነበር።